ስለ ወደቀው ብረት፣ ስለ ቀኝ እግሬና ስለ ሰባቱ ቀናት

ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኪዳነወልድ
የወርቀዘቦ የገበያ ማዕከል አክሲዮን ማኅበር የቦርድ ሰብሳቢ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና አንድ ቀጠሮ እንዲቀደምልን መለመንን ይመለከታል።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ሁለቱም እግሮችዎ እንዴት ሰንብታችኋል? እግሮችዎን ለይቼ መጠየቄ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ሰው የጎደለበትን ነገር ሌላው ዘንድ ሙሉ ሆኖ ሲያይ ደኅንነቱን ሳይጠይቅ ማለፍ ያቅተዋል። እኔ ከቀኝ እግሬ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልዎ ተቆጥቼ አይደለም፤ ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፣ የእኔን ጉልበት ደግሞ የማዕከልዎ ደረጃና የፍርድ ቤቱ ደረጃ ተካፍለው ጨርሰውታል።

በቀን ከሚያገኙት ሰው ብዛት የተነሳ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ እታገኝ ጥላሁን ነኝ። በዱባይ ተራ በኩል ባለው የማዕከልዎ መግቢያ፣ ከደረጃው ሥር፣ በእግር በምትሠራ የስፌት መኪና ልብስ ሳስተካክል ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ኪራዬንም አንድ ወር አሳልፌ አላውቅም። ፎቅ ላይ የተገዛ ጂንስ ከገዢው ቁመት ሲበልጥ ነጋዴዎቹ «ችግር የለም፣ እታች እትዬ እታገኝ ያሳጥሩልዎታል» እያሉ ገበያውን የሚቋጩት በእኔ ስም ነበርና፣ በማዕከልዎ ብልጽግና ውስጥ የእኔም አንዲት ክር ነበረችበት ብል አላጋነንኩም።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ቀን፣ የገና ገበያ በደራበት ሰዓት፣ የሦስተኛው ፎቅ መተላለፊያ መደገፊያ ብረት ከነብሎኑ ተነቅሎ ወረደ። ማንም አልገፋውም፤ ማንም ዕቃ አላስደገፈበትም፤ ዝገት በልቶት ነበርና በራሱ ጊዜ ወረደ። ጭንቅላቴን ስቶ፣ የመኪናዬንም ጠረጴዛ ስቶ፣ መርገጫው ላይ የነበረውን ቀኝ እግሬን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አገኘው። አንዱ ብረት የሰበረውን አጥንት ሐኪሞቹ በሌላ ብረት አያያዙት። የሕክምና ቦርዱም ሠላሳ አምስት በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት ብሎ ጽፎልኛል፤ እንግዲህ ይህን የምትጽፍልዎ የቀረችው ስድሳ አምስት በመቶ እታገኝ ናት ማለት ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ቅልጥፍናዎ

የሁለተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት በር ከተሰበረ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የዕቃ ሊፍቱም «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ወዲህ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ስለዚህ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ፣ አደጋው በደረሰ በማግስቱ፣ ገና ሱቆች ሳይከፈቱ የወደቀው ብረት በአዲስ ተተክቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አሮጌውም ተጭኖ መሄዱን ስሰማ፣ ለእኔ ታዝኖ የተደረገ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ጠበቃዎ «ወደቀ የተባለው ብረት የታለ?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው። አሮጌው ብረት ምን አለሽ ተራ በኪሎ ተሸጧል። በክራንች ሄጄ አጠያየቅኩ፤ ቀጥቃጮቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝና «እሱማ ምድጃ ሆኖ ከተሸጠ ቆየ እኮ፣ እትዬ» አሉኝ። ማስረጃዬ ዛሬ በማን ቤት ወጥ እንደሚያበስል ባላውቅም፣ ለአንድ ሰው መጥቀሙን ሳስብ እጽናናለሁ።

በሳምንቱ ደግሞ ከመቀመጫዬ በላይ «ከዚህ ሥር መቀመጥ ክልክል ነው፤ ለሚደርሰው አደጋ ማዕከሉ ኃላፊነት አይወስድም» የሚል ማስታወቂያ ተሰቀለ። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ከሩቅ ይነበባል። ብረቱ ከመውረዱ በፊት ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ አንብቤው እነሳ ነበር። የኪራይ ደረሰኜ ላይ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ከደረጃ ሥር ያለው ቦታ» ተብሎ በማኅተም ይወጣልኛል፤ ስለዚህ በክልክሉ ቦታ በሕጋዊ ደረሰኝ ተቀምጬ እገኛለሁ።

፪ኛ፦ ስለ ብርቱካኑ

ሆስፒታል ሳለሁ ሦስት የቦርድ አባላትን ልከው አስጠየቁኝ። አንድ ፌስታል ብርቱካንና ከአባላቱ ኪስ የተዋጣ ስምንት ሺህ ብር ይዘው መጡ፤ «እኛ እያለን አይዞሽ» አሉኝ፤ እኔም ተኝቼ ሳለሁ እጄን ዘርግቼ መረቅኳቸው። በኋላ እንደተማርኩት ሕጉ ዘንድ ጥየቃ ሌላ ነው፣ ካሳ ሌላ ነው። ያ ገንዘብ ካሳ ቢባል ኖሮ ቦርዱ ዕዳውን አመነ ያሰኝ ነበር፤ ዕዳ ከታመነ ደግሞ የመክሰሻው ቀን ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል። ጠበቃዎ ለፍርድ ቤቱ ሲያስረዱ፣ የታመመ ሰው ባዶ እጅ አለመጠየቅ ባህላችን እንጂ ጥፋትን ማመን እንዳልሆነ በሚያምር አማርኛ ተናገሩ። እውነታቸውን ነው። ብርቱካኑን ስቀበል ማስፈረም ነበረብኝ።

፫ኛ፦ ስለ ልብስ ሰፊ እጅ

በመጀመሪያው የሽምግልና ቀን እርስዎ ራስዎ በርኅራኄ አይተውኝ፣ «ተመስገን በይ፣ እጅሽ ተርፏል፤ ልብስ ሰፊ የሚበላው በእጁ ነው» አሉኝ። ሽማግሌዎቹን አክብሬ ዝም አልኩ። በጨርቅ ንግድ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሰው መኪናዋ የምትሄደው በእግር መሆኑን የሚነግራቸው አለማግኘታቸው ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የሚያስነሳት ቀኝ እግር ነው፤ የሚያቆማትም ቀኝ እግር ነው፤ እጅ ጨርቁን አቅንቶ ያሳልፋል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። «እንግዲያው ሞተር አስገጥሚላት» ማለትዎም ጥሩ ምክር ነበር። ከደረጃ ሥር የኤሌክትሪክ መስመር መሳብ ክልክል ነው የሚለው የቦርዱ ውሳኔ ግን በእርስዎ ፊርማ ከመኪናዬ ጀርባ ተለጥፏል፤ ሳነበው እውላለሁ።

ዛሬ በእጄ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። በቀን ሃያ ሱሪ አሳጥር የነበርኩት ሴት አራት ከደረሰልኝ ቀኑ ተባርኮልኛል። የቀረው ደንበኛ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወዳሉት ባለሞተር ሰፊዎች ይሄዳል፤ አልፈርድበትም፤ ሱሪው የሚፈለገው ለዛሬ ነው።

፬ኛ፦ ስለ ሽምግልናው

እዚህ ላይ ትንሽ ልረዝምብዎ ነው፤ እርስዎ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ታግሠውኛልና አንድ ገጽ አይከብድዎትም።

ከሆስፒታል በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የእድራችን ዳኛ ጋሽ አስናቀውና የአቡጀዲ ነጋዴው ሐጂ ሙደሲር ቤቴ ድረስ መጡ። ሁለቱም የልብ ሰዎቼ ናቸው፤ ጋሽ አስናቀው የአባቴን ቀብር ያስፈጸሙ፣ ሐጂ ደግሞ መኪናዬን በዱቤ ስገዛ ዋስ የሆኑኝ ናቸው። «ቦርዱ ነገሩ በሽማግሌ ይያዝልን ብሏል፤ ፖሊስ ጣቢያ ከገባ ወይም ፍርድ ቤት ከቆመ ግን እኛ እጃችንን እንሰበስባለን» አሉኝ። ይህን የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ክስ መክፈት ሽማግሌን መርገጥ ነው፤ በቤተሰቤም እንዲህ ያለ ነውር የሠራ የለም። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን አላስመዘገብኩም፣ በፍርድ ቤቱም በር ሳልፍ ቀና ብዬ አላየሁትም። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ ሁሉ ባለበት ይቆማል ብዬ ነበር የማምነው። ከጥቂት ወራት በፊት ቢጠይቁኝ በዚህ እምልልዎ ነበር።

መጀመሪያ የእኛ ዐቢይ ጾምና የሐጂ ረመዳን በዚያ ዓመት አንድ ላይ ዋሉና «ጾሙ ይፈታ» ተባለ። ጾሙ ሲፈታ የልጅዎ ሠርግ ደረሰ፤ የአብርሃም የሣራ ያድርግላት፤ የሚዜዎቹን ቁልፍ የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ዋጋውንም አልጠየቅኩም። ቀጥሎ ክረምቱ ገባና «ጭቃው ይድረቅ» ተባለ። ጭቃው ሲደርቅ እርስዎ ዕቃ ሊጭኑ ቻይና ሄዱ፤ ሲመለሱ ጉንፋን ያዘዎት። ከዚያ የጋሽ አስናቀው ወንድም ዐረፉ፤ ለቅሶ ተቀመጥን። ከዚያ ጾሙ ዞሮ መጣ። እንዲህ እየሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ተሰበሰብን፤ በአምስቱም ጊዜ እርስዎ «ቦርዱ ይነጋገርበታል» አሉ፤ በአምስቱም ጊዜ ሽማግሌዎቹ መርቀው አሰናበቱን። ሳጉረመርም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። ሳለቅስ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ። እንቁላሉ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በክራንች ነበርኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአራተኛው ስብሰባ፣ የተባባልነው በወረቀት ይስፈርልኝ ብዬ ለመንኩ። እርስዎ በጣም አዘኑብኝ፤ በሽማግሌ ፊት የወጣን ቃል በወረቀት ማሰር ሽማግሌን አለማመን ነው አሉ። ጋሽ አስናቀው አንገታቸውን ደፉ፤ ሐጂም «ተይ ልጄ» አሉኝ። አፈርኩና ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚህ ሁሉ ነገር ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴን የሚያቃጥለው ያ ይቅርታ ነው፤ እግሬን ከተጎዳሁበት ቀን ይልቅ ያን ቀን እረግማለሁ።

፭ኛ፦ ስለ ስድስተኛው ቀጠሮ

ሽማግሌዎቹ ስድስተኛውን ቀጠሮ ለእሑድ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ቆርጠው ነበር። እርስዎ ግን በጸሐፊዎ በኩል «ከታኅሣሥ 13 በፊት አይመቸኝም» ብለው አስደወሉ። ታኅሣሥ 13 እኔ የተጎዳሁበት ቀን ነውና፣ ሁለት ዓመት አስታውሰው የያዙልኝ መስሎኝ ልቤ ተነክቶ ነበር። አስታውሰው ይዘውት እንደነበር አሁን አውቄያለሁ።

ታኅሣሥ 20 ቀን ተቀመጥን። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቃ ይዘው መጡ። ጠበቃው ገና ሻንጣቸውን ሳያሳርፉ፣ ቦርዱ የሚከፍለው ምንም ነገር እንደሌለ፣ መብት አለኝ ካልኩ ግን ፍርድ ቤቱ ክፍት መሆኑን ነገሩን። ፋይላቸውን ሲገልጡ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ታኅሣሥ 13» የሚለው በቀይ እስክርቢቶ ተከቦ አየሁት። ያኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እርስዎ ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

እውነትም ፍርድ ቤቱ ክፍት ነበር። በጥር ክስ መሠረትኩ። ስለ እግሬ አንድ ቃል ሳይነሳ ጠበቃዎ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረቡ፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል አሉ። ዳኛዋ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ በወንጀል የተከሰሰ ሰው እንዳለ፣ ቦርዱ ጉዳቱን ያመነበት አንዲት ወረቀት እንኳ እንዳለኝ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ የማልፍበት ቀዳዳ እየፈለጉልኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ለሁሉም «ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር» ብዬ መለስኩ። መነጽራቸውን አውልቀው «ሽማግሌ ይርጋ አያቋርጥም፣ ወይዘሮ እታገኝ» አሉኝ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ ይርጋ ግን ለካ አይቆምም። ሽማግሌዎቹ ባሉት ቀን፣ ታኅሣሥ 6፣ «አንከፍልሽም» ብለው ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ኖሮ ሰባት ቀን ይቀረኝ ነበር። በሰባት ቀን በአንድ እግርም ቢሆን እደርስ ነበር።

ውሳኔው በተሰማ በሦስተኛው ቀን ጋሽ አስናቀው መቀመጫዬ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ሕጉ ቀን እንዳለው አላወቅኩም፤ ሰው ጊዜ ካገኘ ልቡ ይራራል ብዬ ነው» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሐል አለቀሱ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። እርሳቸው አላወቁም፤ ሐጂም አላወቁም፤ እኔም አላወቅኩም። ከተቀመጥነው ሰዎች ቀኑን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ብረቱስ ሳያስብ ነው የወደቀው፤ ብረቱን ይቅር ብዬዋለሁ። በእርስዎ ግን አዝኛለሁ፤ የእኔ ሳይበቃ የእኒያን ሽማግሌ ደግነት ሰዓት መግደያ አድርገውታልና።

፮ኛ፦ ስላገኘሁት ትምህርት

ሥራ ስላቃለሉልኝ የማንበቢያ ጊዜ አግኝቼ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገዛሁ። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋትዎን ማስረዳት ራሱ አይጠበቅብኝም ነበር። አምስት ጊዜ ተሰብስበን ያልጨረስነውን ነገር ሕጉ በአንድ መስመር ጨርሶት ኖሯል። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ደግሞ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ በዚያ ብር ስንት ሕሊና ይጠገን እንደነበር አላውቅም፤ ዛሬ ከላይ ካሉት ሱቆች አንድ ጂንስ ለመግዛት ይጎድላል፣ ማሳጠሪያውም ለብቻው ነው። ስለዚህ ምን ያህል እንዳሳዘኑኝ በብር ላሰላው ስል ሕጉ ከለከለኝና ተውኩት።

፯ኛ፦ ስለ ቶላ

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ያነበቡት ስለ እኔ ነው፤ የእኔ ነገር ደግሞ አልቋል፣ መዝገቡም ተዘግቷል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ስለ ቶላ ነው።

ቶላ ተሸካሚ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው። ሊፍቱ ስለማይሠራ ከመኪና የሚወርደውን ቦንዳ ልብስ በትከሻው አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣው እርሱ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ የተሰነጠቀው እብነ በረድ ከእግሩ ሥር ተፈነቀለ፤ እርሱ ወደቀ፣ ቦንዳውም በላዩ ወደቀ። የቀኝ ትከሻው ዳግመኛ ሸክም አይችልም። ዛሬ በየሱቁ በር ይጠርጋል፤ የሰጡትን ይቀበላል፤ በትከሻው ማደሩ ቀርቶ በሰው ፊት ማደር ጀምሯል። ቦርዱም እንደ ልማዱ ነገሩ በሽማግሌ ይያዝልን ብሎ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ለኅዳር 21፣ ለጽዮን ማርያም ዕለት፣ ተቆርጧል። ቀኑን የመረጡት እርስዎ እንደሆኑ ጋሽ አስናቀው ነግረውኛል።

የቶላ ሁለት ዓመት የሚሞላው ኅዳር 14 ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አሁንም ሰባት ቀን ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን የእኔ ዕድል ነው እል ነበር።

ይህን ለቶላ አስረድቼዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ አስረድቼዋለሁ። ክስ መክፈት ሽማግሌን መርገጥ እንዳልሆነ፣ ክሱ ተከፍቶም እርቅ እንደሚቻል፣ ያለፈ ቀን ግን በእርቅም በክስም እንደማይመለስ ነገርኩት። እርሱ ግን «እትዬ፣ ጋሼ ኪዳነወልድ ባለፈው መስከረም ለልጆቼ ደብተር ገዝተውልኛል፤ ሽማግሌ ረግጬ፣ ደብተር ረግጬ የት እገባለሁ?» ይለኛል። ስድስት ደብተር ነው የገዙለት፤ አይቼዋለሁ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም በአንድ ፌስታል ብርቱካን ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ። ግን ሌቱም ቀኑም ይኸው ሆነብኝ፤ ያ ሰው ዐይኔ እያየ እኔ በወደቅኩበት ቀዳዳ ሊገባ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን ጨርሼ ወደ ልመናዬ ልግባ። የቶላን ቀጠሮ ከኅዳር 21 ወደ ኅዳር 7 ይሳቡልን። እሑድ ነው፤ ጾም አልገባም፤ ጭቃም የለም። ካልተመቸዎም አይምጡ፤ ቦርዱ ጉዳቱን ማመኑን የምትገልጽ አንዲት መስመር ብቻ ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩልን። ይህን ካደረጉ ስለ እኔ እግር ዳግመኛ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም፤ በሽማግሌ ፊት ቃል እገባለሁ፣ ከፈለጉም በወረቀት።

ዕድሜና ጤና ለእርስዎ፣ ትርፍና ጥገና ለማዕከሉ፣ የማይነቀል ብሎን ለመደገፊያዎቹ ሁሉ እየተመኘሁ፣ በክልክሉ ቦታ በደረሰኝ የምቀመጥ፣ ለሁለት ዓመት ትዕግሥቴ ምስክር የማያሻኝ፣ የዘወትር አክባሪዎ ነኝ።

እታገኝ ጥላሁን
ልብስ አስተካካይ (በእጅ)

ግልባጭ፦
ለጋሽ አስናቀው፣ ከፍቅር ጋር፤ ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ
ለሐጂ ሙደሲር፣ ከአክብሮት ጋር
ለቦርዱ ጠበቃ፣ ለፋይላቸው
በዚህ ደረጃ ለሚወጣና ለሚወርድ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፣ ጥቅምት 27፤

ይህን ደብዳቤ ሰኞ ዕለት ለጸሐፊዎ በእጄ ሰጥቼ ነበር፤ ደረጃውን የደገፈኝ ቶላ ነው። ትናንት መልሱን ለመስማት አብረን ወጣን። ጸሐፊዎ በትሕትና «ሰብሳቢው ከኅዳር 14 በፊት አይመቻቸውም» አሉን። ደረጃውን ወርደን መቀመጫዬ ስንደርስ ቶላ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «እትዬ፣ ፍርድ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ክሱ በደሃ ደንብ፣ ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ ተከፍቷል። ማመልከቻ ጸሐፊው ክሱን ሲጽፍለት ቶላ ከመጀመሪያው መስመር በፊት ለጋሼ ኪዳነወልድ ሰላምታ ይግባልኝ ብሎ ለምኖ ነበር፤ በክስ ላይ ሰላምታ አይጻፍም ተባለና ቀረ፤ ስለዚህ እኔ እዚህ ላይ አድርሼልዎታለሁ። ቦርዱ ኅዳር 11 ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት መልሱን ይዞ እንዲቀርብ ታዟል። ቶላ የጽዮን ማርያሙን ቀጠሮ አልሰረዘም፤ ሽማግሌዎቹን አክብሮ ይመጣል፣ ይቅር በል ካሉትም ይቅር ይላል፤ ሰውየው እንደዚያ ነው። ኅዳር 11 የማይመችዎ ከሆነ ግን አይጨነቁ፤ ፍርድ ቤቱ እርስዎ በሌሉበትም ይሰማዋል።